«አንዴ ታስሬበታለሁ፤ አሁን ብገድለው ማን ይጠይቀኛል?»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጉዱማሌ ብትወርዱ ሦስት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ። አንደኛው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከዛፍ ሥር የተቀመጠው ነው። እሱን አትረብሹት፣ ሥራ ላይ ነው። ሁለተኛው ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሐይቁን ሲያይ የሚመሽበት ተማሪ ነው። ሦስተኛው ፊልም ተራኪው ነው። ጓደኞቹን ሣሩ ላይ ሰብስቦ ያየውን ፊልም ከነተኩሱ፣ ከነመኪና ግጭቱ በአፉ እያስጮኸ ይተርካል። ቆሎው ያልቃል፣ ፊልሙ ግን አያልቅም።

ፊልም ተራኪዎችን እወዳቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ትረካው ይበልጣል። ችግሩ አንድ ነው። የፊልም ነገር ሣሩ ላይ አይቀርም። ሱሪውን አራግፎ የሚነሳው ልጅ የፊልሙን አስተሳሰብ ይዞት ይሄዳል። ፍቅሩን በሱ ይለካል፣ ጠቡን በሱ ይፈታል፣ አንዳንዴም ሕጉን በሱ ይተረጉማል። አደጋው ይሄኔ ነው!

የዛሬ ጨዋታችን ጉዱማሌ ላይ ክርክር ስላስነሳ አንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው። አንድ በአንድ እንፈታታዋለን። ፊልሙን ያላያችሁ መጨረሻውን ስለምነግራችሁ ይቅርታ፤ ካያችሁት ደግሞ እሰየው።

ለመሆኑ ፊልሙ ምን ይላል?

ስሙ «ደብል ጄፐርዲ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የሆሊውድ ፊልም ሲሆን፣ አሽሊ ጃድ፣ ቶሚ ሊ ጆንስና ብሩስ ግሪንውድ ይተውኑበታል። ዳይሬክተሩ ብሩስ ቤርስፎርድ ቀላል ሰው አይደለም። በኦስካር የዓመቱ ምርጥ ፊልም የተባለውን «ድራይቪንግ ሚስ ዴይዚ»ን የሠራው እሱ ነው። «ደብል ጄፐርዲ»ም በዓለም ዙሪያ ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። «አሮጌ ነው» ብላችሁ እንዳትንቁት። ፍላሽና ስልክ ላይ ፊልም አያረጅም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሊቢ የምትባል ሴት ከባሏ ከኒክ ጋር በሸራ ጀልባ ለሽርሽር ትወጣለች። ወይን ጠጥተው፣ ተደስተው ይተኛሉ። ሌሊት ስትነቃ ደም በደም ሆናለች። ባል የለም። የደሙን ፈለግ ተከትላ ወደ ላይ ስትወጣ ቢላ ታገኛለች። ታነሳዋለች። ልክ በዚያች ደቂቃ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች መብራት አብርተው ከተፍ ይላሉ። አበቃ! ባሏን ገድላለች ተብላ ትፈረድባታለች።

ከመታሰሯ በፊት ትንሹ ልጇን ማቲን ለጓደኛዋ ለአንጂ አደራ ትሰጣለች። ጓደኛዋ ልጁን ይዛ ትጠፋለች። ሊቢ ከእስር ቤት ስልክ እያፈላለገች አንድ ቀን ታገኛቸዋለች። ከልጇ ጋር እያወራች ሳለ በር ሲከፈት ይሰማል፤ ልጁም «አባዬ!» ይላል። ስልኩ ይቋረጣል። ሟቹ ባል አልሞተም! ከጓደኛዋ ጋር ተመሳጥሮ የሕይወት ኢንሹራንሱን 2 ሚሊዮን ዶላር በልቶ እየኖረ ነው።

ይሄኔ ቀድሞ ጠበቃ የነበረች አንዲት እስረኛ የፊልሙን ቁልፍ ሐሳብ ታቀብላታለች። ሕጉ አንድን ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አይከስም። አንቺ ባልሽን በመግደል ተፈርዶብሻል። ስለዚህ ከዚህ ወጥተሽ በአደባባይ ብትገድዪው ማንም ምንም አያደርግሽም ትላታለች። ሊቢ እስር ቤት ውስጥ ስፖርት መሥራት ትጀምራለች። ስድስት ዓመት ታስራ በአመክሮ ትወጣለች፤ ከዚያም አደን!

አንድ ልጅ ያልሳቀበት ቀልድ

ተራኪው እዚህ ላይ ሲደርስ ጉዱማሌ የተሰበሰበው ሁሉ አጨበጨበ። «ሼባ ጭንቅላት!» አለ አንዱ። አንድ ልጅ ግን ዝም ብሎ ሣር ይነጫል። ባጃጅ ነጂ ነው። ከአንድ ሰው ጋር በተራ ተጣልቶ፣ ደብድቦት፣ ስድስት ወር ታስሮ ወጥቷል። ከወጣ ወዲህ ያ ሰው ባገኘው ቁጥር ፈገግ እያለ ያልፈዋል።

«እንግዲያው እኔም ሂሳቤን ዘግቻለሁ» አለ ልጁ። «ስድስት ወር ከፍዬበታለሁ። አሁን ብደግመው ምን ያመጣሉ?»

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። አብራቸው የነበረች የኮሌጅ ተማሪም አልሳቀችም። ወደ ተራኪው ዞራ፣ «አንተ፣ ቆይ እስቲ… ሰውየው በሕይወት ካለ ለምን ትገድለዋለች? ለፖሊስ አሳይታ አትገላገልም?» አለችው።

ተራኪው ዝም። እኔም በሆዴ እልል አልኩ። ውድ አንባቢያን፣ ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ፊልም በአንዲት የጉዱማሌ ተማሪ ጥያቄ ሲፈርስ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ወደ ጥያቄዋ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ከትንንሾቹ ቀዳዳዎች እንጀምር።

ቀዳዳ አንድ፦ ደሙ ከየት መጣ? ሰውየውስ በምን ሄደ?

አንድ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ሁለት ሊትር ያህል በአንዴ ከፈሰሰ ሕይወቱ አፋፍ ላይ ነው። ጀልባዋ ላይ አልጋው፣ ልብሷ፣ ወለሉ ሁሉ ደም ሆኗል። የሱ ደም ከሆነ አስቀድሞ እያስቀዳ አጠራቅሞ ነበር ማለት ነው። የት? ማን ቀዳለት? እሷን ደም በደም ሲያደርጋት እንዴት አልነቃችም? ፊልሙ በወጉ አያስረዳንም።

ከዚያስ? ሰውየው በሌሊት፣ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ባሕር መሐል ከጀልባው ወርዶ የት ሄደ? አጠገባችን ሆነው ሲያዳምጡ የነበሩ አንድ የጀልባ ሰው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ውሃ ላይ በሌሊት የጠፋ ሰው በሕይወት ካለ፣ ሌላ ጀልባ ይዞ የጠበቀው ሰው አለ ማለት ነው። ብቻውን ዘሎ ደረቅ ልብስ ለብሶ የሚወጣ የለም።» አያችሁ? መርማሪ የሚባል ሰው መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ይህንን ነው። በዚያ ሌሊት በአካባቢው ሌላ ምን ጀልባ ነበር?

ፊልሙን ያለ በደሉ አልበድለውም። አስከሬን ሳይገኝ በግድያ መፍረድ ይቻላል፤ በብዙ አገር ተፈርዶም ያውቃል። የኛ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከሱ የሚወጣ ወንዝም የለም፤ እዚህ ሰምጦ የት ይሄዳል ልንል እንችላለን። ባሕር ግን ሌላ ነው። እንግዲህ የአስከሬኑን መጥፋት ይሁን ብለን እንለፈው።

ቀዳዳ ሁለት፦ አመክሮው

ነገሩ የሚጀምረው ዋሽንግተን በምትባለው ክፍለ ግዛት ነው። ይህች ክፍለ ግዛት ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1984 ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል አመክሮን አስቀርታለች። ፊልሙ የወጣው ከዚያ 15 ዓመት ቆይቶ ነው። ሊቢ ግን ባሏን ገድላለች ተብላ በስድስት ዓመቷ በአመክሮ ትወጣለች። ለምን? ልጇ ሳያድግ፣ አሽሊ ጃድም ሳታረጅ መውጣት ስላለባት!

በእኛ አገር ብታዩት እንኳ አያስኬድም። የወንጀል ሕጋችን አመክሮ የሚፈቅደው እስረኛው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት መታሰር አለበት።

ቀዳዳ ሦስት፦ የሞተ ሰው ለጨረታ ይወጣል?

ይህቺን ተራኪው ሲነግረን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ኒክ ሞቷል ተብሎ ስሙን ቀይሮ ኒው ኦርሊንስ ገብቷል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ጢም ታሳድጋላችሁ፣ ኮፍያ ታደርጋላችሁ፣ ገጠር ትገባላችሁ። ኒክ ግን ሆቴል ከፍቶ የከተማው ታዋቂ ሰው ሆኗል። ያም አልበቃው ብሎ ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ግብዣ ላይ፣ ሴቶች ወንደላጤ በሚጫረቱበት መድረክ ወጥቶ ይቆማል! ሊቢም አምራ ለብሳ ትመጣና 10 ሺህ ዶላር ጠርታ ትገዛዋለች።

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰው በዕዳ ጠፍቶ ሰፈር ቢቀይር በሳምንቱ ከነቤት ቁጥሩ ይታወቃል። የሁለት ሚሊዮን ዶላር አጭበርባሪ መድረክ ላይ ቆሞ ፈገግ ሲል አንድ የሚያውቀው አይጠፋም?

ቀዳዳ አራት፦ የሬሳ ሣጥኑ

ኒክ ሊቢን መቃብር ስፍራ አታሎ ይወስዳታል። መትቶ ያስታትና ከሬሳ ጋር ሣጥን ውስጥ ይቆልፍባታል። ጥሩ ክፋት ነው። ግን ሽጉጧን አልወሰደባትም! ሞቷን በጉልህ አቅዶ፣ ሬሳ ሣጥን ድረስ ወስዶ፣ አንዴ አይፈትሻትም። እሷም ስትነቃ ሽጉጧን አውጥታ ተኩሳ ትወጣለች።

የሽጉጥ ድምፅ በአብዛኛው ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው። ይህ ሜዳ ላይ እንኳ ጆሮ የሚጎዳ ነው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ከጆሮ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሲሆን አስቡት። ሊቢ ግን ከሣጥኑ ወጥታ ከሰው ጋር እንደ ልቧ ታወራለች። «ምን አልክ? ጮክ በል!» እንኳ አትልም። ድሮ ሠፈር ውስጥ «አክተሩ አይሞትም» እንል ነበር። አክተሩ ጆሮውም አይደነቁርም ለካ!

ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመለስ

እስካሁን ያየናቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። በነሱ ብቻ ፊልም አይወድቅም። ብዙ ጥሩ ፊልምም እንዲህ ያለ አለበት። የኛዎቹንም ቢሆን ስም ሳልጠራ ላንሳ፤ አክተሩ አዲስ አበባ ሻይ ጠጥቶ በሚቀጥለው ትዕይንት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሲያለቅስ ብናይ፣ 275 ኪሎ ሜትሩን መቼ ተጓዘው ብለን አንጨቃጨቅም።

የልጅቱ ጥያቄ ግን መሠረቱን ነው የሚነካው። ሊቢ የታሰረችው ኒክ ሞቷል ተብሎ ነው። ኒክ በሕይወት ካለ የተፈጸመ ግድያ የለም። ግድያ ከሌለ ገዳይ የለም። ስለዚህ ከዓለም ሰው ሁሉ ኒክ በሕይወት እንዲኖር አጥብቃ መፈለግ ያለባት ሊቢ ናት! እሱ መተንፈሱ ነው ነፃ የሚያወጣት። ገድላ ብትቀብረው ማስረጃዋን ነው የምትቀብረው።

ይህ የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1819 በአሜሪካ ቬርሞንት ክፍለ ግዛት ጄሲና ስቲፈን ቦርን የሚባሉ ወንድማማቾች፣ ከሰባት ዓመት በፊት የጠፋውን የእህታቸውን ባል ራስል ኮልቪንን ገድላችኋል ተብለው ተፈረደባቸው። ስቲፈን ሊሰቀል ቀን ይጠብቅ ነበር። ሰዎች አፈላልገው «ሟቹን» ኒው ጀርሲ በምትባል ሌላ ክፍለ ግዛት በሕይወት አገኙት። አምጥተው ለሕዝብ አሳዩት። ወንድማማቾቹም ተፈቱ። ማንም ሽጉጥ አላነሳም። ሰውየውን ማሳየት በቃ።

ከዚያ የቀደመው የእንግሊዙ ታሪክ ደግሞ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1660 ዊሊያም ሃሪሰን የሚባል ሰው ካምደን ከምትባል ከተማ ጠፋ። ገድላችሁታል ተብለው አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿ ተሰቀሉ። በ1662 ሃሪሰን በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሙታኑን ግን የሚመልስ አልነበረም።

ታዲያ ሊቢስ? ልጇ «አባዬ» ሲል ሰምታለች። የስልክ ቁጥር አላት። የደወለችበት ከተማ ይታወቃል። ኢንሹራንስ ኩባንያ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላሩን እንደተጭበረበረ ቢሰማ ከፖሊስ በፊት ነው የሚሮጠው። ፊልሙ ግን ነገሬ ብሎ የሚከታተልላት አንድ ሰው አይሰጣትም። ምክንያቱም አንድ ብርቱ መርማሪ ከገባ ፊልሙ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ወደ ፑሽ አፕና ሩጫ ያስገቡናል።

ይህን ሁሉ ለምን አላየነውም? እናት ስለሆነች ነዋ! ልጇን የተነጠቀች እናት ስናይ ልባችን ይነድዳል። ልብ ሲነድድ ጭንቅላት እረፍት ይወጣል። ጎበዝ ፊልም ሠሪ ይህንን ያውቃል፤ ቀዳዳው በሚታይበት ቦታ ላይ ሙዚቃውን ከፍ ያደርገዋል።

ትልቁ ውሸት፦ «ከፍዬበታለሁ»

አሁን ወደ ባጃጅ ነጂው እንምጣ። በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አለመከሰስ እውነት ነው። እኛም አገር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 23 በአጭሩ እንዲህ ይላል። በመጨረሻ ውሳኔ ጥፋተኛ የተባልክበት ወይም በነፃ የተለቀቅክበት ወንጀል ተመልሶ አይከፈትብህም። ትልቅ መብት ነው። ይህ ባይኖር የሚጠላህ ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዕድሜህን ሙሉ ፍርድ ቤት ሲያመላልስህ ይኖራል።

ነገር ግን ልብ በሉ። ሕጉ የሚዘጋው ያንን ድርጊት ነው። ያንን ሰው አይደለም። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ የተፈጸመው ነገር ተዘጋ። ዛሬ፣ በሌላ ቦታ የምትፈጽመው ሌላ ድርጊት ነው፣ ሌላ ፋይል ይከፈትበታል።

በዓሣ እንየው። ትናንት አሞራ ገደል ወርደህ ዓሣ በልተህ ከፈልክ። ባለቤቱ ዛሬ መጥቶ «የትናንቱን ክፈለኝ» ቢልህ አትከፍልም፤ መብትህ ነው። ግን ዛሬ ሌላ ዓሣ አዝዘህ፣ በልተህ፣ «ትናንት ከፍያለሁ» ብለህ ብትነሳ ምን ይልሃል? የሊቢ ነገር ደግሞ ይብሳል። እሷ ያልበላችውን ነው ያስከፈሏት። ያልበላኸውን ያስከፈሉህ እንደሆነ ገንዘቤን መልሱ ትላለህ። ገብተህ በነፃ ልብላ አትልም። የሊቢም መብት ፍርዱ እንዲሰረዝላት መጠየቅ ነበር። የመግደል ፈቃድ ማንም አይሰጣትም።

ሌላም አለ። የመጀመሪያው «ግድያ» የተፈረደው በዋሽንግተን ነው። ኒክ ያለው ኒው ኦርሊንስ፣ ሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ነው። በአሜሪካ ሕግ ሁለት ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው ሊከሱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሚስቱን በገንዘብ ያስገደለ ሰው ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ሰውየው በጆርጂያ ተፈርዶበት ሳለ ለዚያው ግድያ አላባማም ከሰሰችው። ፍርድ ቤቱ ይቻላል አለ። ይህንን መንገድ በ2019ም በሌላ ጉዳይ አጽንቶታል። እንግዲህ ለአንዱ ግድያ እንኳ ሁለት ክፍለ ግዛት መክሰስ ከቻለ፣ ለአዲሱማ ምን ይጠየቃል?

የሚያናድደው ፊልሙ ይህንን ስህተት በማን አፍ እንዳስነገረው ነው። አንደኛዋ የቀድሞ ጠበቃ ናት። ሁለተኛው፣ ሊቢን ሲያሳድድ የነበረው የአመክሮ ተቆጣጣሪ፣ ሕግ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። እሱም መጨረሻ ላይ ሊቢ ልክ ናት ብሎ ለኒክ ያረጋግጥለታል! ነጭ ጋውን የለበሰ ተዋናይ መድኃኒት እንደሚያዝዝላችሁ ቁጠሩት። ፊልም ውስጥ ያለ ጠበቃ ጠበቃ አይደለም። ደራሲው የጻፈለትን ነው የሚያነበው።

ፊልሙ ራሱን አላመነም

አሁን የቀዳዳዎቹን ሁሉ ንጉሥ ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ ሊቢ ኒክን ታገኘዋለች፣ ሽጉጥ ይዛለች፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ፊልም ይህችን ደቂቃ ሲያዘጋጅ ነው የቆየው። ተኩሳ ገደለችው? አልገደለችውም! ኒክ ራሱ ሽጉጥ አውጥቶ ተቆጣጣሪውን ያቆስላል። ትግል ይነሳል። በትግሉ መሐል ነው ሊቢ የምትተኩሰው።

ይሄማ ሌላ ሕግ ነው! ራስን ወይም ሌላ ሰውን ከሚደርስ ጥቃት መከላከል ይባላል። እኛም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ላይ አለን። ለዚህ ደግሞ ስድስት ዓመት መታሰር አያስፈልግም፣ የቀድሞ ጠበቃ ምክርም አያስፈልግም። ከእስር ቤት ጀምሮ ሲሰበክልን የነበረው ሐሳብ ቁልፉ ደቂቃ ላይ ሲደርስ ሥራ ላይ አልዋለም። ለምን? ሠሪዎቹም ሰው በደም ቀዝቃዛ ገድላ እንደማትለቀቅ ያውቃሉ። ተመልካቹም ቢሆን ነፍሰ ገዳይ ልጇን ስታቅፍ ማየት አይፈልግም። እነሱ ያላመኑበትን ለኛ ሸጡልን!

ለባጃጅ ነጂው የተባለው

ይህንን ሁሉ ጉዱማሌ ላይ ስንጨቃጨቅ ቆየን። ልጁ በመጨረሻ፣ «እና በነፃ ነዋ የታሰርኩት?» አለ። ቂም ያለበት ድምፅ ነበር።

በነፃ አይደለም ወንድሜ። ለአንዷ ምት ነው የታሰርከው። ሁለተኛዋን ብትጨምር ቅናሽ የለህም። እንዲያውም ደጋጋሚ ትባላለህ፣ ደጋጋሚነት ደግሞ ቅጣት ያከብዳል። ፊልሙ «ከፍለሃል» ብሎ የሚያባብልህ ነገር ዳኛው ፊት «ይሄ ሰው አልተማረም» ተብሎ ነው የሚነበበው። የሰውየው ፈገግታ ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግን ፈገግታ ላይ የሚወረወር ቡጢ ስድስት ወር ብቻ የሚያስከፍልበት ጊዜ አልፏል።

እስራቱ ከመንግሥት ጋር ያለውን ሂሳብ ነው የዘጋው። ከሰውየው ጋር ያለው ጠብ እንደተከፈተ ነው። ያንን የሚዘጋው ሽማግሌ ነው። ደግሞ የት ቆመን ነው የምናወራው? ጉዱማሌ እኮ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ፊቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በመዝገቡ ያሰፈረው በዓል የሚደምቅበት ቦታ ነው። የሲዳማ አባቶች ሶንጎ ላይ ሲቀመጡ «አፊኒ?» ይላሉ። «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ሁሉም ወገን ሳይሰማ፣ ነገሩ ከሥሩ ሳይጣራ ወደ ውሳኔ አይሮጥም። የሚፈለገው ሀላሌ፣ እውነቱ ነው።

አስቡት፣ «ደብል ጄፐርዲ» ውስጥ «አፊኒ?» የሚል አንድ ሰው ቢኖር! መርማሪው ስለ ሌላኛው ጀልባ ይጠይቅ ነበር። ፍርድ ቤቱ ስለ ኢንሹራንሱ ይጠይቅ ነበር። ሊቢም እስረኛዋን «እርግጠኛ ነሽ?» ትላት ነበር። መጥፎ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ማለት ማንም የማይጠይቅበት ፊልም ነው።

ታዲያ ፊልም አንይ?

እዩ እንጂ! ማን ከለከላችሁ? እኔም አያለሁ። ብቻ ፊልሙ አልቆ ሙዚቃው ሲቆም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛው፣ «ቀላሉን መንገድ ለምን አልሄዱም?» ነው። አንድ የስልክ ጥሪ፣ አንድ የፖሊስ ጣቢያ፣ አንድ ጎረቤት ነገሩን የሚጨርሰው ከነበረ፣ ደራሲው መንገዱን የዘጋው ለናንተ ሲል ሳይሆን ለራሱ ሲል ነው።

ሁለተኛው፣ «ከዚያስ?» ነው። ፊልም ከተኩሱ በኋላ ያለውን አያሳይም። የጣቢያውን ሌሊት፣ የችሎቱን ቀጠሮ፣ ስንቅ ይዛ የምትመላለስ እናትን አያሳይም። በናንተ ሕይወት ግን «ከዚያስ» የሚባለው ከፊልሙ ይረዝማል።

ሦስተኛው፣ «ይህንን የነገረኝ ማን ነው?» ነው። ተዋናይ ነው ወይስ ባለሙያ? ስለ ፍቺ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ጠብ፣ ስለ እስር የሚመለከታችሁ ነገር ካለ ጠበቃ ጠይቁ። አቅም ከሌላችሁ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቦታ ጠይቁ። ከእስር ቤት ጓደኛ፣ ከፊልም ተራኪና ከፌስቡክ ጀግና የሕግ ምክር አትውሰዱ።

ያቺ ተማሪ ሕግ አላጠናችም። ፊልም ሥራም አታውቅም። ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሲያጨበጭብ «ቆይ እስቲ» አለች። እኅቴ፣ ወንድሜ፣ ይህቺን «ቆይ እስቲ» በኪሳችሁ ያዟት። የሚያፈቅራችሁ ሰው ታሪክ ሲገጣጥምላችሁ፣ «በወር እጥፍ ይሆናል» የሚል ነጋዴ ሲመጣባችሁ፣ ጓደኛ «ምታው፣ ምን ያመጣል» ሲላችሁ አውጧት። እሷን መጠቀም ብር አያስከፍልም። አለመጠቀም ግን ያስከፍላል።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ!